በሥራ ላይ የተጎዳ የመንግሥት ሠራተኛ ምን ያገኛል? የጉዳት ጡረታ ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ሲታይ

ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የደመወዝ ማሻሻያ በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ እንዲያነሳ አድርጓል። ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ በመጀመሪያ ዲግሪ አዲስ የሚቀጠር ባለሙያ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ሲያድግ፣ ጡረታ የቀረበበት ሁሉ የራሱን ማስላት ጀመረ። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚነሳ ሌላ ጥያቄ አለ። በሥራው ላይ እያለ እግሩን፣ እጁን ወይም ዓይኑን ያጣ ሠራተኛስ ምን ይደርሰዋል?

በሠራተኛው ዘንድ የሚሰሙት መልሶች እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንዱ "በሥራ ላይ የተጎዳ ሙሉ ደመወዙን ይዞ ይወጣል" ይላል። ሌላው "አሥር ዓመት ካልሞላህ ምንም የለህም" ይላል። ሦስተኛው "ሁሉንም የሚወስነው የሐኪሞች ቦርዱ ነው" ይላል። ሦስቱም እንዳሉ ቢወሰዱ ያሳስታሉ። ሁለተኛው ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ይጎዳል፤ መብት ያለው ወጣት ሠራተኛ ሳይጠይቅ እንዲቀር የሚያደርገው እሱ ነውና።

አንድ ስም የተሰጣቸው ሁለት ጡረታዎች

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ዛሬ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። ይህ አዋጅ የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 714/2003 የተካ ሲሆን፣ የሥርዓቱ መሠረት ግን እስከ 1955ቱ የጡረታ አዋጅ ድረስ ይመለሳል። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መንግሥት እንደ አሠሪ 11 በመቶ ያዋጣል። ለጉዳት ተብሎ ለብቻው የሚቆረጥ መዋጮ የለም፤ የሲቪል ሠራተኛው የዕድሜ ጡረታም የጉዳት ጡረታም ከዚሁ መዋጮ ይከፈላል።

ከ60 ዓመት ዕድሜ በፊት በጤና ምክንያት ከሥራ የሚገለል ሰው በሕጉ በሁለት መንገድ ይታያል። የመጀመሪያው የጤና ጉድለት ጡረታ ነው። ሕመሙ ወይም ጉዳቱ ከሥራው ጋር ግንኙነት ሳይኖረው ሠራተኛው ለመሥራት የማይችል መሆኑ በሕክምና ሲረጋገጥ የሚከፈል ነው። ይህኛው የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። 10 ዓመት ያልሞላው ሰው ወርኃዊ አበል አያገኝም፤ ዳረጎት የሚባል በአንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ገንዘብ ተቀብሎ ይሰናበታል።

ሁለተኛው የጉዳት ጡረታ ነው። በሥራ ምክንያት በደረሰ አደጋ ወይም ከሥራው በመጣ በሽታ ጉዳት ደርሶበት ሙሉ በሙሉ የመሥራት ችሎታውን ላጣ ሠራተኛ ዕድሜ ልክ ይከፈላል። እዚህ ላይ የአገልግሎት ዘመን ቅድመ ሁኔታ አይደለም። በተቀጠረ በሁለተኛው ዓመት የተጎዳ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ከሃያ ዓመት አገልጋይ እኩል መብቱ አለው።

በተለምዶ ለሁለቱም የምንለው "በቦርድ ወጣ" ነው። የሠራተኛው ቤተሰብ ማመልከቻ ሲያጽፍም በዚሁ ቋንቋ ያጽፋል፤ "በደረሰብኝ የጤና ችግር ምክንያት መሥራት ስላልቻልኩ" ይላል ደብዳቤው። አደጋው በሥራ ላይ መድረሱ በማመልከቻው ካልሰፈረና ማስረጃ ካልተያያዘ፣ ፋይሉ በጤና ጉድለት መስመር መሄዱ የማይቀር ነው።

ልዩነቱ በብር

የጤና ጉድለት ጡረታ እንደ ዕድሜ ጡረታ ይሰላል፦ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ እየተጨመረ፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የጉዳት ጡረታ ግን አንድ ወጥ ነው። ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት በነበረው ወር ሠራተኛው ያገኝ የነበረው መደበኛ ደመወዝ 47 በመቶ ይከፈላል።

ሦስት ዓመት ሙሉ 9,000 ብር ሲከፈለው የነበረ፣ 12 ዓመት ያገለገለ የወረዳ ባለሙያ እንውሰድ። በጤና ጉድለት ከወጣ 32.5 በመቶ ይደርሰዋል፤ በወር 2,925 ብር። በሥራ ላይ ጉዳት ከወጣ 4,230 ብር። በየወሩ የ1,305 ብር ልዩነት፣ ዕድሜ ልክ። አገልግሎቱ ስድስት ዓመት ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ከዚህም ይከፋ ነበር፤ በአንደኛው መንገድ ወርኃዊ አበል ጭራሽ የለም፣ በሌላው 4,230 ብር አለ።

ስሌቱ ብዙም የማይወራለት ሌላ ገጽ አለው። አገልግሎት በረዘመ ቁጥር የ47 በመቶው ጥቅም እየቀነሰ ይሄዳል። 24 ዓመት ያገለገለ ሰው በአገልግሎት ስሌት ብቻ 47.5 በመቶ ይደርሰዋል። የሚከፈለው ከሁለቱ የሚበልጠው ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ለተጎዳ ነባር ሠራተኛ ጉዳቱ በአበሉ ላይ የሚጨምርለት ነገር የለም። ሁለት እግሩን አጥቶ የወጣ 30 ዓመት ያገለገለ መምህርና በሰላም ጡረታ የወጣ ባልደረባው፣ አገልግሎታቸውና ደመወዛቸው እኩል ከሆነ አበላቸውም እኩል ነው። ይህ በእኔ እምነት የሕጉ ትልቁ ክፍተት ነው። የጉዳት ጡረታ ካሳም መሆን ሲገባው፣ ለነባሩ ሠራተኛ የአገልግሎቱን ዋጋ ከመመለስ አያልፍም።

የመሥራት ችሎታው ሙሉ በሙሉ ያልጠፋ፣ ግን ቢያንስ 10 በመቶ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ የጉዳት ዳረጎት ይከፈለውና በሥራው ይቀጥላል። ቀመሩ የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ፣ ያም በጉዳቱ መቶኛ ተባዝቶ ነው። ደመወዙ 11,500 ብር የሆነና 20 በመቶ የተጎዳ ሰው 64,860 ብር ያገኛል ማለት ነው። ከ10 በመቶ በታች ለተገመተ ጉዳት ክፍያ የለም።

ደመወዙ የሚታየው በየትኛው ቀን ነው?

የመስከረሙ ጭማሪ ያስነሳው ዋና ጥያቄ ይህ ነው። የጉዳት ጡረታ መነሻው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት የነበረው ወር ደመወዝ ነው እንጂ ሠራተኛው የተሰናበተበት ወር ደመወዝ አይደለም። በሲቪል ሰርቪስ ሕጉ መሠረት በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ እስኪድን ወይም በቋሚነት መሥራት እንደማይችል እስኪረጋገጥ ድረስ ደመወዙ እየተከፈለው ይታከማል፤ የሕክምናውም ወጪ በመንግሥት ይሸፈናል። የአጥንት ሕክምና ደግሞ ረጅም ነው፤ ብረት ማስገባቱ፣ ማስወጣቱ፣ ቀጠሮው ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ በ2017 በ6,940 ብር ደመወዝ እያለ የተጎዳ ጀማሪ ባለሙያ በሕክምና ላይ ሳለ ደመወዙ 11,500 ብር ይደርስና፣ ቦርድ ወስኖ ሲሰናበት በሕጉ ቃል ብቻ ከተሄደ አበሉ የሚሰላው በ6,940ው ይሆናል። 3,261.80 ብር ነው። ከመስከረም በኋላ የተጎዳው የሥራ ጓደኛው 5,405 ብር ያገኛል። ሁለቱ አንድ ቢሮ፣ አንድ መደብ፣ አንድ ዓይነት ጉዳት ናቸው።

የሕጉ አመክንዮ ግልጽ ነው፦ ካሳ የሚለካው ሰውየው በተጎዳበት ቀን ባጣው ነው። የዋጋ ንረቱ ዝቅተኛ በሆነበት ጊዜ ይህ አያስከፋም። በአንድ ዓመት ልዩነት ደመወዝ በዚህ መጠን ሲዘል ግን ቀኑ ራሱ ከጉዳቱ በላይ ወሳኝ ይሆናል። መንግሥት በየጊዜው የሚያደርገው የጡረታ አበል ማስተካከያ ልዩነቱን ያጠብበው ይሆናል፤ አይዘጋውም።

አደጋው "የሥራ" የሚሆነው መቼ ነው?

ሕጉ በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋን በሰፊው ይተረጉመዋል። ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ የደረሰበት ድንገተኛ ጉዳት ሁሉ ይገባል። ከመደበኛ የሥራ ቦታው ወይም ሰዓቱ ውጭ የበላዩን ትእዛዝ ሲፈጽም፣ መሥሪያ ቤቱን ከጥፋት ወይም ከአደጋ ለማዳን ማንም ሳያዘው በራሱ ተነሳስቶ ሲሠራ፣ በሥራ ላይ እያለ በሦስተኛ ወገን ድርጊት ሲጎዳ፣ ሁሉም ተካትተዋል። ቸልተኝነት ብቻውን መብቱን አያሳጣም። የሚያሳጣው ሆን ብሎ ራስን መጉዳት፣ ግልጽ የሆነ የደኅንነት መመሪያን መጣስ ወይም ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘት ነው።

ትርጓሜው በሰሜን ሸዋ መልክዓ ምድር ላይ ሲወርድ ግን አንድ ቦታ ላይ ይጠብባል። ወደ ሥራ ሲሄዱና ሲመለሱ የሚደርስ አደጋ የሚሸፈነው ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ የሰርቪስ መኪና ወይም መሥሪያ ቤቱ ለዚሁ በተከራየው መጓጓዣ ሲሆን ነው። ሰርቪስ በአዲስ አበባ የተለመደ ነው። በመንዝ፣ በመርሐቤቴ ወይም በአንኮበር ግን የቀበሌ ሠራተኛ የሚሄደው በእግሩ፣ በባጃጅ ወይም ባገኘው የጭነት መኪና ላይ ነው። በጣርማ በር ጉም ውስጥ የተገለበጠ ሚኒባስ ላይ የነበሩ ሁለት ሠራተኞችን እናስብ። አንዱ መሥሪያ ቤቱ ወደ ደብረ ሲና ለሥልጠና የላከው ነው፤ ሌላው ከቤቱ ወደ መደበኛ ሥራው እየሄደ ነው። የመጀመሪያው የበላይ ትእዛዝ እየፈጸመ ስለሆነ ይሸፈናል። ሁለተኛው በሕዝብ ትራንስፖርት ስለተሳፈረ ጉዳዩ የጤና ጉድለት ይሆናል። ሰርቪስ ያላቀረበለት መሥሪያ ቤቱ ሆኖ ሳለ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሠራተኛው ነው።

በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ገጠር ለገጠር የሚዞረው የግብርና ባለሙያ፣ ማለትም ዲኤው፣ በዚህ ረገድ ይሻላል። ግን እሱም የስምሪት ደብዳቤ ያስፈልገዋል። በቃል "ዛሬ እገሌ ቀበሌ ውጣ" ተብሎ የወጣ ሰው፣ ከወደቀ በኋላ ለሥራ መውጣቱን የሚያሳይለት ወረቀት ላይኖረው ይችላል። የውሎ አበል የተጠየቀበት ሰነድ፣ የሞተሩ መረከቢያ ፊርማ፣ የነዳጅ መጠየቂያ እንኳ እንዲህ ባለ ጊዜ ማስረጃ ይሆናሉ።

በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታም እንዲሁ ድንበር አለው። በአካባቢው የተለመደ ወይም በወረርሽኝ መልክ የሚመጣ በሽታ እንደ ሥራ በሽታ አይቆጠርም፤ ሥራው ያንኑ በሽታ መከላከል የሆነ ሠራተኛ ካልሆነ በቀር። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ ወባም አለበት። እዚያ የተመደበ የገቢዎች ባለሙያ ወባ ቢይዘው የሥራ በሽታ አይባልም። በወባ መከላከል ላይ የተሰማራው የጤና ሠራተኛ ግን ሊባልለት ይችላል።

በግጭት የተጎዱ

ዞኑ ባለፉት ዓመታት ያሳለፈውን ሳያነሱ ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ አይቻልም። አጣዬ በ2013 ተቃጥላለች። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሷል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የቀጠለው የትጥቅ ግጭት ብዙ ወረዳዎችን ነክቷል። በእነዚህ ጊዜያት የተጎዳ መምህር፣ ነርስ ወይም የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ የጉዳት ጡረታ ይገባዋል?

"በጦርነት የተጎዳ አይከፈለውም" የሚለው አባባል በጥቅሉ ትክክል አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው ጥይቱን ማን ተኮሰ የሚለውን አይደለም፤ ሠራተኛው በዚያች ሰዓት በሥራው ላይ ነበር ወይ የሚለውን ነው። በጤና ጣቢያው ተረኛ ሆና የተመታች አዋላጅ በሦስተኛ ወገን ድርጊት በሥራ ላይ ተጎድታለች። የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ከእሳት ለማውጣት ገብቶ የተቃጠለ ሠራተኛ፣ ማንም ባያዘውም፣ ትርጓሜው በግልጽ ይደርስለታል። ቤቱ ሳለ የተመታው ግን በዚህ መንገድ አይሸፈንም።

ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው ማስረጃው ነው። አዋላጇ ተረኛ እንደነበረች የሚያሳየው የተረኞች መዝገብ ከጤና ጣቢያው ጋር ከተቃጠለ፣ በዚያ ሳምንት ፖሊስ ጣቢያው ዝግ ከነበረ፣ ኃላፊዋም ወደ ደብረ ብርሃን ከተሰደደ፣ የአደጋውን ሪፖርት ማን ይጽፋል? የግል ማኅደሯ ሳይቀር ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ የቅጥር ደብዳቤዋ፣ የሕይወት ታሪክ ፎርሟ፣ የደመወዝ እድገቷ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው።

ቦርዱ የሚወስነውና የማይወስነው

የሐኪሞች ቦርድ ሥራ ሦስት ነገር መመለስ ነው፦ ጉዳቱ ምንድን ነው፣ ቋሚ ነው ወይ፣ በመቶኛ ስንት ነው። አደጋው በሥራ ላይ መድረስ አለመድረሱን ቦርዱ አያይም፤ ሊያይም አይችልም። ያንን የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ተቀብሎ የሚወስነው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። "ሁሉም በቦርዱ እጅ ነው" ብሎ ሕክምናውን ብቻ የሚከታተል ቤተሰብ ግማሹን ሥራ ሳይሠራ ይቀራል።

ከቦርድ በፊት መታየት ያለበት አንድ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እግሩ የተቆረጠ ሰው መሥራት አይችልም ማለት አይደለም። የመስክ ሥራ ያልቻለ ባለሙያ ወደ ሌላ ተስማሚ መደብ ሊዛወር ይችላል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አሠሪው የሥራውን ቦታ ለጉዳተኛው ምቹ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ዳረጎቱን ተቀብሎ በሙሉ ደመወዝ የሚቀጥል ሠራተኛ 47 በመቶ ይዞ ከሚወጣው በገንዘብም በክብርም ይሻላል። ነገር ግን ቢሮው ደረጃ ብቻ ያለው ፎቅ ላይ ከሆነና ተለዋጭ መደብ የለም ከተባለ፣ ምርጫው ወደ ጡረታው ይገፋል።

ሠራተኛው በጉዳቱ ምክንያት ከሞተ አበሉ ወደ ተተኪዎች ይተላለፋል፦ ለሚስት ወይም ለባል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ጧሪ ያጣ ወላጅ 15 በመቶ፣ ድምሩ ከ100 ሳያልፍ። የ5,405 ብሩ አበል ለሚስትና ለሁለት ልጆች በድምሩ 4,864.50 ብር ይሆናል።

የማስረጃው ሸክም በማን ላይ ይሁን?

በዚህ ላይ ሁለት አመለካከቶች አሉ፤ ሁለቱም መነሻ አላቸው። አንደኛው የፈንዱን ጤንነት ያስቀድማል። መዋጮው ለብዙ ቤተሰብ ነገ የሚከፈል ነው፤ ያለ ጥብቅ ማስረጃ የጉዳት ጡረታ ከተፈቀደ፣ በቤት የደረሰ ስብራት ሁሉ የሥራ ስብራት ይሆናል። የ10 ዓመት ገደብ የሌለው ጥቅም በመሆኑም ለማጭበርበር የሚጋብዝ ነው። ይህ ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም።

ሌላው አመለካከት አደጋውን የማሳወቅና የመመዝገብ ግዴታ የአሠሪው መሆኑን ያነሳል። ሠራተኛው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሪፖርት ያልጻፈው የሰው ሀብት ክፍል ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ "ማስረጃ የለህም" የሚባለው ሠራተኛው ነው። እኔ የማደላው ወደዚህኛው ነው። ጥብቅነቱ ይቆይ፤ ግን ጥብቅነቱ በአሠሪው ላይ ይውደቅ። መሥሪያ ቤቱ በወቅቱ ሪፖርት ካላደረገ፣ ሠራተኛው በምስክርና በሌሎች ሰነዶች ያቀረበው በቂ ሆኖ ይታይለት፤ አይደለም የሚለው አካል ያስተባብል።

በመጠኑም ላይ ክርክር አለ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 121፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ላሉት በሥራ ላይ ሙሉ በሙሉ ለተጎዳ ሠራተኛ 60 በመቶ ያስቀምጣል፤ የሰው ድጋፍ ያለማቋረጥ ለሚያስፈልገው ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ እንዲኖር ይጠይቃል። ለኢትዮጵያ አስገዳጅ ባይሆንም ለመመዘኛ ይጠቅማል። በእኛ ሕግ አልጋ ላይ የዋለና ሰው የሚያገላብጠው ጡረተኛም የሚደርሰው ያው 47 በመቶ ነው። የምትንከባከበው ሚስቱ የራሷን ገቢ ማቋረጧ በስሌቱ ውስጥ አይታይም።

በተግባር ምን ይደረግ?

የአደጋው ሪፖርት በቀናት ውስጥ ተጽፎ፣ ቀንና ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ሲሠራ የነበረው ሥራና ያዘዘው ኃላፊ ተጠቅሶ፣ የምስክሮች ስም ተይዞ ከግል ማኅደሩ ጋር መያያዝ አለበት። ሠራተኛው ወይም ቤተሰቡ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ቤት ያስቀምጥ። የትራፊክ ወይም የፖሊስ ሪፖርት ካለ ይያያዝ። በመጀመሪያው ቀን የተቀበለው ጤና ተቋም ካርድ ላይ "በሥራ ላይ ሳለ" የሚል መስፈሩን ማየትም ይጠቅማል፤ ከዓመታት በኋላ ለመወሰን የሚነበበው የዚያን ቀን ጽሑፍ ነውና።

አስተዳደሩ ጥያቄውን ካልተቀበለ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይግባኝ ማለት ይቻላል። የይግባኙ ጊዜ የሚቆጠረው ውሳኔው ከደረሰበት ቀን ስለሆነ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን መያዝ ያስፈልጋል። ከቀያ ገብርኤል ወይም ከሞላሌ ደብረ ብርሃን ደርሶ ለመመለስ መንገዱ ክፍት የሚሆንበትን ቀን ለሚጠብቅ ሰው እነዚህ ቀናት አጭር ናቸው።

መዝገባቸው የጠፋባቸው ወረዳዎችን በተመለከተ የዞኑና የክልሉ ሲቪል ሰርቪስ አካላት ሊሠሩት የሚችሉት ነገር አለ። የደመወዝ ክፍያ ዝርዝሮች በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች፣ የባንክ ዝውውሮች በባንኮች፣ የጡረታ መለያ ቁጥሮች በአስተዳደሩ ዘንድ ይገኛሉ። ከእነዚህ የአገልግሎት ዘመንና የደመወዝ መጠን መልሶ ማቀናጀት ይቻላል። የአደጋውን ሁኔታ ግን የሚመልሰው የሰው ምስክርነት ብቻ ነው። ምስክሮቹም ይዛወራሉ፣ ይሰደዳሉ፣ ያርፋሉ፤ የጡረታ ጥያቄዎች ደግሞ የይርጋ፣ ማለትም መብት የሚጠየቅበት የጊዜ፣ ገደብ አላቸው። በ2013 እና በ2014 ለተጎዱት የምስክርነት ቃሉ የሚሰበሰብበት ጊዜ አሁን ነው። ይህንንም ማድረግ ያለበት በየቤቱ የተኛው ጉዳተኛ ሳይሆን ደመወዙን ይከፍለው የነበረው መሥሪያ ቤት ነው።